በአሮጌው ጸሎት ቤት የተመታው ሐዲድ

ኦኑፍሪ ባዚክ የተገኘው ተንበርክኮ ነበር።

የበረዶው ውሽንፍር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተነሥቶ እሑድን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ። ሰኞ ማለዳ ሜዳው ጸጥ አለ። ጎረቤቱ ሳቫ ሆርባይ የውሻውን ጩኸት ተከትሎ ወደ ፈፋው ወረደ፤ በዚያም አገኘው። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ጢሙ ከደረቱ ጋር በበረዶ ተጣብቋል። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው።

ሳቫ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። «ሲጸልይ ነው የሞተው» ብሎም ላገኘው ሁሉ አወራ።

የቬርባ መንደር ሰዎች ግን ስለ ጸሎቱ ለማሰብ ፋታ አልነበራቸውም። እርሻቸው ከአገራቸው ርቀው በሰፈሩበት በሳስካችዋን ሜዳ ላይ የተበታተነ ነው፤ ከአንዱ ጭስ ማውጫ ወደ ሌላው የሚታየው ሰማይና ሣር፣ በክረምትም ሰማይና በረዶ ብቻ ነው። ውሽንፍር የያዘው መንገደኛ ተስፋ የሚያደርገው በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። ሦስት ጊዜ ይደወላል፤ ዝም ይባላል፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይደወላል። ነፋሱ እስኪበርድ አይቋረጥም። ይህም አደራ በደወል ደዋዩ በፕሮኪፕ ሌሲክ ላይ የተጣለ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ደወል ሰማሁ የሚል አንድም ገበሬ አልተገኘም።

ፕሮኪፕ ሚስታቸው በሞተች ሰሞን መጠጥ አብዝተው እንደ ነበር ሁሉም ያስታውሳል። ስለዚህ የሟች ሚስት ዬቭዶካ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ባሌን የገደለው ብርድ አይደለም! ይህ ሰካራም ነው! ገመዱን ትራስ አድርጎ ተኝቶ ነው!» ብላ ስትጮኽ፣ ተዪ ያላት ሰው አልነበረም። የሰበካው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ፕሮኪፕ ደወሉን እንዲያስረክቡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቤትም ከልጃቸው ጋር እንዲወጡ ወሰኑ። መውጫ ሌላ ቤት እንደሌላቸው ያውቁ ነበር። ፖሊስም አስጠሩ፤ ነፍስ ያጠፋ ቸልተኛ በፍርድ ቤት ይጠየቃልና።

ፖሊሱ ኔስተር ሆሊክ በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ መጣ። የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነው። ቋንቋቸውን ይናገራል፤ ጾማቸውን ይጾማል። በሌላ ፖሊስ ፊት የሚድበሰበስ ነገር በእርሱ ፊት አይድበሰበስም፤ ይህም ብዙዎችን ደስ አላሰኘም።

ፕሮኪፕን በቤታቸው አገኛቸው። ልጃቸው ፓራስካ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። እጮኛዋ ዴሜንቲ ኩሽኒር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ደውለዋል ወይስ አልደወሉም?» አለ ኔስተር።

«ደውያለሁ።»

«ማን አየዎት?»

«እግዚአብሔርና ልጄ።»

«የእግዚአብሔርን ቃል ለመቀበል ሥልጣን የለኝም፤ ልጅዎን ልጠይቅ። ፓራስካ?»

«አባቴ ሲደክመው እኔ እየተቀበልኩት ነው የደወልነው። እሑድ ማታ ነው ገመዱን የለቀቅነው። እጁ አልዘረጋ ብሎት እኔ ነኝ ጣቱን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት።»

ዴሜንቲ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እባክዎ እኚህን ሰው አያስጨንቋቸው። እርጅና ነው። ትንሽ ቢያሸልባቸው ማን ይፈርድባቸዋል? ሆን ብለው እንዳላደረጉት እኔ እምላለሁ።»

«አላሸለብኩም አልኩ እኮ አንተ ልጅ!» አሉ ፕሮኪፕ ጠረጴዛውን መትተው።

«እሺ አባባ። እሺ። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ኔስተር ዴሜንቲን ተመለከተው። መልከ መልካምና አንደበተ ርቱዕ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብቻውን መጥቶ ሥራ ወዳድነቱን ያስመሰከረ፣ መንደሩም የወደደው ሰው ነው። ከፓራስካ ጋር ሊጋባ መሆኑ ሁለት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ታውጇል። በሥርዓቱ መሠረት አዋጁ ሦስት እሑድ ይነበባል፤ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር የሚያውቅ ካለም በሕዝብ ፊት እንዲናገር ይጠየቃል። ሦስተኛው በዚያው በውሽንፍሩ እሑድ ሊነበብ ነበር፤ ማንም ከቤቱ ስላልወጣ ተላለፈ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተክሊሉ እንዲፈጸም ሁሉም እየተጣደፈ ነው።

ለሽማግሌው እንዲህ የሚራራው ሙሽራ ግን ሲናገር ሁሉ ሽማግሌውን ይበልጥ በደለኛ እያደረጋቸው ነበር።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው የጠቀለልከው?» አለው ኔስተር።

«ምድጃ ለበለበኝ።»

«እርስዎስ አባባ፣ መዳፍዎን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ዘረጉለት። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተልጧል፤ የገመዱ ጠመዝማዛ በሥጋው ላይ ታትሟል።

«እንጨትም ይፈልጣሉ» አለ ዴሜንቲ በዝግታ።

ኔስተር ከዚያ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ደቡብ ወደሚኖረው የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ሄደ። ጠባቂው እንግሊዛዊ ነው፤ ገና ጥያቄውን ሳይጨርስለት ተቆጣ። «ያ ደወላችሁ ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬን በላው እኮ! ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት! በስንት መከራ ዓይኔ ሲከደን ደግሞ ሦስት!»

ነፋሱ የነፈሰው ከሰሜን ነው። የደወሉን ድምፅ ይዞ ወደ ደቡብ፣ አንድም የቬርባ እርሻ ወደሌለበት ወሰደው። ገበሬዎቹ ሁሉ የሚኖሩት በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ ነው። እንዴት ይሰሙ?

ኔስተር ይህን ለሽማግሌዎቹ ሲነግራቸው ግን አንዱ ጢሙን እየጠቀለለ፣ «እንግሊዝ ስለ ደወላችን ምን ያውቃል? የባቡር ይሆናል የሰማው» አለ። ሌሎቹም ሳቁ። ውሳኔው እንደ ጸና ቀረ። ፕሮኪፕ ዕቃቸውን መቋጠር ጀመሩ።

ኔስተር ወደ ፈፋው ሄደ።

ነገሩ እረፍት የነሳው እዚያ ነበር። ኦኑፍሪ ወደ ንስሐ ሲሄድ ፈረስ አይቀመጥም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ይህም የቆየ ስእለቱ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ዋዜማ ጸሎት አቀና። መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ውሽንፍሩ መንገድ ላይ ያዘው። እንግዲህ መንገዱ የጠፋበት ሰው ነፋሱን በጀርባው ተቀብሎ፣ እየተገፋ፣ ነፋሱ ወደሚወስደው ይሄዳል። ሜዳው ላይ የኖረ ሁሉ በክረምት የሞተን ሰው የሚፈልገው በዚያ በኩል ነው።

ኦኑፍሪ ግን የሞተው በስተ ሰሜን ነው። ያን ነፋስ በፊቱ እየተጋፈጠ ሄዷል። አንድ እርምጃ እንኳ ዓይን ገልጠው የማይሄዱበትን ነፋስ!

ሰው እንዲህ የሚያደርገው የሚጠራው ነገር ሲኖር ነው።

ኔስተር ፊቱን ሟቹ ወደ ተመለከተበት አዞረ። ከፈፋው ማዶ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጡ የሠሩት ጸሎት ቤት ይታያል። ጣሪያው በግማሽ ወድቋል። አጠገቡ በመጀመሪያው ክረምት በንዳድ ያለቁት ሕፃናት መቃብር አለ። ደጁ ላይ ባለው ምሰሶ፣ ደወል መግዛት ባልቻሉበት ዘመን እየመቱ የሚጠራሩበት የሐዲድ ቁራጭ እንደ ተሰቀለ ነው። ዝገት በልቶታል።

በአንድ በኩል ግን ዝገቱ ረግፎ ብረቱ ያበራል። ከሥሩ፣ በበረዶው ውስጥ፣ ወፍራም የብረት ብሎን ተጥሏል። በጸሎት ቤቱ ውስጥም፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ የቀዘቀዘ የፈረስ ፋንድያ ነበር።

ለዚህ ስፍራ ቅርቡ የሳቫ ሆርባይ ቤት ነው። ሳቫና ኦኑፍሪ ደግሞ በአንድ የድርቆሽ መስክ የተነሣ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል።

ሳቫ በረት ውስጥ ነበር። ኔስተርን ሲያይ መንሹን ጥሎ መልሶ አነሣው።

«ከኦኑፍሪ ጋር ተጣልታችኋል።»

«ማን ያልተጣላ አለ? እሱ ከጥንቸልም ጋር ይጣላ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና።»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከላሞቼ ጋር። ጠይቃቸው።»

«ምን ሰማህ?»

«ነፋስ።»

«ሳቫ።»

«ነፋስ አልኩ እኮ ጌታው!»

«ከቤትህ በላይ ያለው ሐዲድ ተመትቷል። አንተ ካልሰማህ የመታኸው አንተ ነህ። ምረጥ።»

ሳቫ መንሹ ላይ ተደገፈ። ፊቱ ከጎኑ ባልዲ ውስጥ ካለው ወተት ይልቅ ነጣ።

«ሰምቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ሰው መስሎኝ መሰለህ? በዚያ ውሽንፍር ማን ሰው ይወጣል? ልጆቹ ናቸው ብዬ ነው። ከመቃብር። ሁለቱ የእኔ ናቸው እኮ። ብርዱ ጸንቶባቸው የሚጠሩን መሰለኝ። ከሚስቴ ጋር ተንበርክከን አለቀስን። በሩን አልከፈትንም። ኦኑፍሪን ሳገኘው ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናገር? ሰምቼ ዝም አልኩ ብል ማን ያምነኛል? ያውም የተጣላሁት ሰው ሞቶ!»

ኔስተር ይህን ስሕተት ሊነቅፈው አልቻለም። በዚህ ሜዳ ላይ ልጁን የቀበረ አባት ሁሉ ይሳሳተው ነበር።

«እንዴት ነበር የተመታው? እንደ ደወላችን ሦስት ሦስት?»

«አይደለም። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። እንዲህ ነው።» ሳቫ በመንሹ እጀታ የበረቱን ግንድ መታ። አንዴ በኀይል። ከዚያ ሁለቴ ፈጠን አድርጎ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። «ይኸው ነው ሲደጋገም የዋለው። ጋሊሺያ ሳለሁም እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅ።»

የቬርባ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከጋሊሺያ የመጣ ነው። ኦኑፍሪና ሚስቱ ግን ከሌላ አውራጃ፣ ከቡኮቪና ናቸው፤ ዱቢና ከምትባል ተራራማ መንደር።

ዬቭዶካ ለቀብሩ የሚሆነውን ስንዴ እየለቀመች ነበር። «ያንን ሰካራም አሰርከው?» አለችው ገና ከመግባቱ።

«እትዬ ዬቭዶካ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይስሙኝ።»

ኔስተር በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን መታ። አንዴ በኀይል። ሁለቴ ፈጠን አድርጎ። ዝም አለ። ደገመው።

ስንዴው ከእጇ ተበተነ።

«ይህን ማን አሳየህ?»

«ምንድን ነው?»

«የዱቢና ነው። የአገራችን። ተራራው ላይ በረዶ ሲወርድ እረኞች እንዲመለሱ በዚህ ነበር የሚጠሩት። ኦኑፍሪ በልጅነቱ በዚህ ድምፅ ነው ከሞት የተረፈው፤ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር። እዚህ ግን ተደውሎ አያውቅም! ማን ያውቀውና?»

«ከዱቢና የመጣ ሌላ ማን አለ?»

ሴትዮዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ዴሜንቲ» አለች።

ኔስተር ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በመኸር ጊዜ ኦኑፍሪ እህል ይዞ ጣቢያ ሄዶ ከዱቢና አዲስ የመጣ ሰው አግኝቶ ነበር፤ ያኮቭ የሚባል፣ አሁን ከሁለት ጣቢያ ወዲያ ያለ። ከዚያ ሲመለስ ዝም አለ። ምነው ስለው፣ 'የሰው ገመና ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ይናገረው' አለኝ። ቅዳሜ ሲወጣም ሰማዩ ጠቁሯል፣ ብትቀር ምን አለ ስለው፣ 'ነገ ቤተ ክርስቲያን መገኘት አለብኝ' አለ። እኔ ለንስሐው መስሎኝ...»

በማግስቱ ኔስተር ያኮቭ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ሳቫንና ዬቭዶካን አስከትሎ ወደ ፕሮኪፕ ቤት ገባ። ጓዙ በከረጢት ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዴሜንቲ ከረጢቱን ወደ ደጅ ሊያወጣ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«ተወው» አለ ኔስተር። «ጨርቁን ከእጅህ ፍታ።»

«ቁስል ነው እኮ ጌታዬ።»

«ፍታ።»

ፓራስካ አንዴ እጮኛዋን፣ አንዴ ፖሊሱን አየች። ዴሜንቲ ፈታው። በመዳፉ ላይ አንድ ሰንበር ተጋድሟል፤ የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ ጠቁሯል።

«ምድጃ የለበለበው ጣት እንዲህ አይጠቁርም። ይህ ብርድ የበላው ነው። ብረቱ በጓንት እየተንሸራተተ ሲያስቸግርህ ጓንትህን አወለቅክ፤ ቆዳህም ከብረቱ ጋር ቀረ።»

«ፈረሴን ፍለጋ ወጥቼ ነው።»

«ከፈረስህ ጋር በአሮጌው ጸሎት ቤት ውስጥ ነበርክ።»

«ማን አየኝ?»

«ማንም አላየህም። ተሰምተሃል። ሳቫ፣ ምታው።»

ሳቫ ጠረጴዛውን መታ። አንዴ። ሁለቴ። ዝም አለ።

ዴሜንቲ ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣም።

«ያኮቭን አነጋግሬዋለሁ» አለ ኔስተር። «አናስታስያ በሕይወት አለች። ልጆችህም እንዲሁ። የጋብቻ ቀለበቷን ዛሬም አላወለቀችም።»

ፓራስካ ወንበሩን ያዘች። «አናስታስያ ማናት?» አለች፤ ከዚያ ደግሞ፣ «ተወው፤ አትንገረኝ» አለች።

«አዲስ ሰው ልሆን ነበር» አለ ዴሜንቲ። ድምፁ ጣፋጭነቱን አጥቷል። «እዚህ ማን ምን ያውቃል? ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ትቶ ነው የመጣው! ኦኑፍሪ ለብቻዬ ጠራኝ። በሕዝብ ፊት አላዋርድህም አለኝ። እስከ ሦስተኛው አዋጅ ጊዜ ሰጠኝ፤ ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ አለ።»

«አንተስ?»

«ቅዳሜ መንገድ ላይ ጠብቄ ልለምነው ነበር የወጣሁት። በእግሩ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ውሽንፍሩ ሲነሣ እኔ ጸሎት ቤቱ ጋ ደርሼ ነበር፤ ገባሁ። ከዚያ... ሐዲዱን አየሁት።»

«ከዚያ መታኸው።»

«ብረት ነው የመታሁት! ሰው አልመታሁም! ራሱ ነው የመጣው!»

«በመንገዱና በጸሎት ቤቱ መካከል ፈፋ እንዳለ ታውቃለህ።»

ዴሜንቲ የፈታውን ጨርቅ በእጁ ጨበጠ።

«መምታቱን መቼ አቆምክ?»

ዴሜንቲ ከንፈሩን ላሰ። «ስሜን ሲጠራ ሰማሁት» አለ። «ከታች፣ ከፈፋው። ያን ጊዜ አቆምኩ።»

ዬቭዶካ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። «የአገሩ ልጅ ሊያድነው የወጣ መስሎት ነው» አለች ለራሷ። «ልቡ የተመለሰ መስሎት ነው። ደስ ብሎት ነው የሞተው።»

ከኀጢአት ሁሉ የሚከፋው፣ ምሕረት የሰጠንን ሰው በሰጠን ፋታ ውስጥ ማጥፋት ነው፤ በዚያ ቤት የቆሙት ሁሉ ይህን የተረዱት ቃል ሳይለዋወጡ ነበር።

ኔስተር እስረኛውን ይዞ ወጣ። ሳቫም ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ለሽማግሌዎቹ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ያን ጢም ጠቅላይም ከዚህ ደጅ ድረስ ይዤው እመጣለሁ ብሎ ተከተለው።

ዬቭዶካ በበሩና በከረጢቱ መካከል ቆማ ቀረች። በሕዝብ ፊት ሰካራም ያለቻቸው ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ፕሮኪፕ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። ገና ነው።»

«እሺ» አለች። «እጠብቃለሁ።»

«ብቻ ዓይንሽ አንድ ነገር ልጠይቅ የሚል ይመስላል።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ያንን ሐዲድ ባይሰማ ኖሮ፣ የእርስዎን ደወል ይሰማው ነበር?»

ሽማግሌው ያማረ ውሸት ለመናገር ጊዜ ነበራቸው። የተላጠ መዳፋቸውን ተመለከቱ።

«አይሰማውም ነበር» አሉ። «ከሰሜን ነበር የሚነፍሰው። ሁለት ቀን ሙሉ የደወልኩት ማንም ለሌለበት ነው።»

ዬቭዶካ ራሷን ነቀነቀች። ሻርፗን አጠበቀች፤ የበሩን እጀታ ይዛ ግን አልከፈተችውም።

«ላሞችሽን ማን ያልባቸዋል?» አለች ፓራስካ በድንገት።

«ማንም።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ፓራስካ አባቷን አላየችም። የጎረቤት ሴቶች ለሠርጓ እየጠለፉላት የነበረውን ሸማ ከአግዳሚው ላይ አንሥታ ወደ ጎን አደረገችና ከሥሩ የሥራ ካፖርቷን መዘዘች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሁሉንም ቆለፈቻቸው።

«እንሂድ በቃ» አለች። «ጡታቸው ይታመማል።»

ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ላይ ነፋሱ እንደገና ተነሥቶ ነበር። ዬቭዶካ ምንም ሳትናገር ከፊት ቀደመች፤ ሰፊ ትከሻዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ልጅቷ በጥላዋ እንድትሄድ ዝግ እያለች ተራመደች።